እምብርቱ የተሸፈነ ብርቱካን

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኤጀታ በዳዳ፣ ካለህበት ሁሉ።

እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? እጅህስ? ቁስሉ ደረቀልህ ወይስ ገና ይጠዘጥዝሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል ውሃው ይስማማሃል? ያ አገር ሙቀቱ አያድርስ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። እማዬ አለች፤ ክረምቱ ጉልበቷን ያዝ ለቀቅ ቢያደርጋትም፣ ተቀመጪ ስትባል መነሳት እንደምትወድ ታውቃታለህ። እኔም አለሁ፤ አትክልትና ፍራፍሬ መደብሩ ውስጥ የላላውን ቲማቲም ከጠንካራው ስለይ እውላለሁ። የኮክ ዛፍህም አለ፤ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪዘነበል አፍርቷል። የካ እንደምታውቃት ናት። ጭጋጉ ከእንጦጦ ተነስቶ በባሕር ዛፉ መሃል ይወርድና እኛ ደጅ ሲደርስ አረፍ ይላል። ዘንድሮ ግን ቶሎ አይሄድም። ረፋድ ላይ እንኳ የራጉኤል ደወል ሲደወል ከላይ ይሁን ከጓሯችን አይለይም።

ለጓደኛህ ለወልደሰንበትም ከፍ ያለ ሰላምታዬ ይድረሰው። እጅህ ከቆሰለ ወዲህ ደብዳቤህን የሚጽፍልህ እሱ ነው ብለኸናልና፣ ይህንንም አጠገብህ ሆኖ እንደሚያነበው አውቃለሁ። እንግዲያው ወልደሰንበት፣ አንተስ እንዴት ከረምክ? «አንተ» ስልህ አትቀየመኝ፤ ከወንድሜ ለይቼ አላይህም። ቀስ ብለህ አንብብ። አንዳንዱ ቃል ለሱ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ላንተ ነው።

ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ ከፍቶ የሚያነበው እንዳይኖር በፖስታ አልላክሁትም። የጎረቤታችን የኩልሱም ባል ሀሚድ ነገ ተሳቢውን ይዞ ወደ አሰብ ይወርዳል፤ ሸሚዙ ውስጥ ከቶት ሄዶ መርከብ ላይ ለሚሠራ ወዳጁ ይሰጠዋል፣ ያም ምጽዋ ያደርስላችኋል። ስለዚህ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉም ሰላም፣ ሁሉም አማን ብዬ አልዘጋውም። እማዬ አንድ ነገር እንድጠይቅላት አዝዛኛለች። ልጇ በሕይወት መኖሩን ማወቅ ትፈልጋለች። ደብዳቤህን ትራሷ ሥር አድርጋ እየተኛች እንዲህ ትጠይቃለች ስልህ ትስቅ ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። የሆነውን ከሥሩ ላጫውትህና ከዚያ በኋላ መልሱን ስጠኝ።

ከመጋቢት ወዲህ እንዴት እንደከረምን አታውቅም። እናንተ ዘንድ ስለነበረው ውጊያ ሬዲዮው ብዙም አላወራም፤ ወሬ ግን ሬዲዮ አይጠብቅም። በሰፈሩ ልጅ የዘመተበት ቤት ሁሉ ደብዳቤ ቆመ። ሞተ የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም። መርዶ እንደሆነ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ምንም ሳያውቁ የማንን በር ያንኳኩ? ስለዚህ ሰዉ አላለቀሰም። ነጠላውን ሳያዘቀዝቅ፣ ድንኳን ሳይተክል፣ ዝም ብሎ ከረመ። እናቶቹ በጠራራ ፀሐይ በየደጃቸው ቆመው አስፋልቱን ያያሉ። ሰላም ስትላቸው ይመልሱልሃል፣ አንተን ግን አያዩህም። እኔ ከሥራ ስመለስ በነሱ መሃል ማለፍ ፈርቼ በላይኛው መንገድ እዞር ነበር።

የኛዋ እናት ደጅ አልቆመችም። እማዬ ሲጨንቃት ፍሬ ታለብሳለች። ኮኩ ገና ጥሬ ስለነበር ከገበያ ሎሚ እየገዛች ማልበስ ያዘች። ወልደሰንበት፣ ይህን ነገር ኤጀታ ሳያጫውትህ አይቀርም፤ ተልባ አፍልታ ታጠልልና ዝልግልጉን ውሃ ከሟሟ የግራር ሙጫ ጋር ታዋህደዋለች፣ ጠብ የምትል የኑግ ዘይት ትጨምርበታለች፣ ሲበርድ ፍሬውን ነክራ በክር ታንጠለጥለዋለች። ሲደርቅ ዓይን የማያየው ስስ ልብስ ይሆንለታል። የለበሰ ፍሬ ቶሎ አይጨማደድም፣ ቶሎ አይሻግትም። ወለጋ ሳለች ከእናቷ የወረሰችው ሙያ ነው። በዚያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ከሎሚ ጋር ሳይጋጩ መሄድ አይቻልም ነበር። ጋሽ ተክሌ፣ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እሁድ እሁድ እኛ ቤት የሚያጸልዩን ወንጌላዊ፣ በሎሚዎቹ ሥር ጎንበስ ብለው እያለፉ ይህ ሁሉ ለማን እንደሆነ ጠየቋት። ለሚመጣ ሰው ነው አለቻቸው።

ሰኔ ውስጥ ደብዳቤህ መጣ። ኩልሱም እልልታዋን አቀለጠችው፤ እኔም ወረቀቱን ይዤ ከሳሎን እስከ ጓሮ ሮጥኩ። የእጅ ጽሑፉ ያንተ አልነበረም፤ ቀኝ እጅህ ቆስሎ ወልደሰንበት እየጻፈልህ መሆኑን ከላይ አስረድተሃል። ይሁን፣ እጅ ይቆስላል፣ ይድናልም። እማዬ ደጋግሜ እንዳነብላት አደረገችኝና በመጨረሻ፣ ልጄ ረጅም መጻፍ ለመደ አለች። ወቀሳ አልነበረም፤ ገርሟት ነው።

እውነቷን ነው። የድሮ ደብዳቤዎችህን ታስታውሳቸዋለህ? «ደህና ነኝ። ካልሲ ላኩልኝ። ኤጀታ።» አለቀ፣ ደቀቀ። ቴሌግራም እንኳ ካንተ ይልቅ ወሬኛ ነው እያልኩ ስንቴ ሰድቤሃለሁ። አንዴ ብቻ ረዘም አድርገህ፣ «ካልሲውን እጥፍ አድርጋችሁ ላኩ፤ ወልደሰንበት የሚባል፣ የሚልክለት ዘመድ የሌለው ልጅ አብሮኝ አለ» ብለህ ነበር። እማዬ ያን ጊዜ ልጄ አዛኝ ነው ብላ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰች። ከሰኔ ወዲህ የመጡት ደብዳቤዎች ግን ሌላ ናቸው። የጓሮ በሩ የላላ ጣውላ አሁንም ይንጫጫል ወይ ትላለህ። አባባ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤት ከመግባቱ በፊት ደጅ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠራርግ እንደነበር ታነሳለህ። ኮኩ ሥር የቀበርነው ውሻ ላይ ያቆምነው ድንጋይ እንዳለ ትጠይቃለህ። እኔ እዚሁ እየኖርኩ የረሳሁትን ሁሉ አንተ ከዚያ ሆነህ ታውቀዋለህ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አንዳንዴ ሳነበው፣ በመስኮታችን ቆሞ ውስጣችንን ሲያይ የኖረ ሰው የጻፈው እየመሰለኝ ዞር ብዬ መስኮቱን አያለሁ። ከጭጋጉ በቀር ማንም የለም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሀሚድ ከአሰብ ሲመለስ አንድ የጥይት ሣጥን ተሸክሞ መጣ። ስንከፍተው ጭድ፣ በጭዱ ውስጥ ብርቱካን። «በግራ እጄ ራሴ አለበስኳቸው፤ እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ በተልባና በሙጫ» የምትል ቁራጭ ወረቀት ነበረችበት። ኤጀታ፣ እንደዚያ ያለ ብርቱካን አይቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ አቋርጦ አንዱም አልተጨማደደም፣ አንዱም ነቁጥ የለበትም። ብርጭቆ ውስጥ ያደገ ይመስል ነበር። ኩልሱም ስንት ዘመን መገናኛ ፍራፍሬ የሸጠች ሴት፣ አንዱን አገላብጣ አይታ ዝም አለች፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ ታውቃታለህ፣ ከባድ ነገር ነው። እማዬ አንዱንም አልበላችም፣ ማንንም አላስበላችም። ብፌው ላይ ደረደረቻቸውና፣ ልጄ ሲመጣ አብረን እንቆርጣቸዋለን አለች።

ነሐሴ ገባ፤ ብርቱካኖቹ አልተለወጡም። ቤቱ በጭጋጉ ሲጨልም ብፌው ላይ እነሱ ብቻ ያበራሉ። ስታልፍ ጥላህ በያንዳንዳቸው ፊት ላይ ያልፋል። እኔ ከብፌው ፊት ለፊት መቀመጥ ተውኩ፤ ምክንያቴን ለማንም አልተናገርኩም፣ ወገቤን አሞኝ ነው እያልኩ ወንበሩን ወደ በሩ ሳብኩት።

ከዚያ ሽታው መጣ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤቱ ጠጅ ጠጅ ይላል። ሳቅሁ እንጂ አልደነገጥኩም፤ ከማን ግቢ እንደሚመጣ ግን ግራ ገባኝ። እኛ ጴንጤ፣ አጥራችንን የሚጋሩን ሙስሊም፤ በዚህ መሃል ማን ጠጅ ይጥላል? ምንጣፉን አወጣሁ፣ ወለሉን በአመድ ፈተግሁ። ሽታው ጨመረ። የሚገባው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ ወደ እኔ ያያል፤ ሣራ በስተርጅና መጠጥ ጀመረች ሳይባልብኝ አልቀረም። እማዬ ግን ስለ ሽታው አንድም ቃል አልተናገረችም። ከብፌው አጠገብ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች፣ አንዳንዴ እንዝርቱን አቁማ ጆሮዋን ትሰጣለች።

እሁድ ጋሽ ተክሌና ወንድሞች መጡ። እንደምታውቀው መዝሙሩን በሹክሹክታ ነው የምንዘምረው፤ ደጅ የቆመ ሰው ንፋስ ነው እንዲል። የዚያን ዕለት ዘመርንና ጨረስን። ሹክሹክታው ግን አላቆመም። ቀጭን፣ አንዴ የሚመጣ አንዴ የሚቆም፣ ሊናገር ጀምሮ እንደሚተው ሰው ያለ ድምፅ ከክፍሉ ውስጥ ይሰማ ነበር። ማን እንደሆነ ለማየት ተያየን። የሁላችንም አፍ ተዘግቷል። እማዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም እንድንል ምልክት ሰጠችን፣ እኛ ግን አስቀድመን ዝም ብለን ነበር።

ጋሽ ተክሌ ተነስተው በብፌው ላይ እጃቸውን ዘርግተው የስካርን መንፈስ ገሠጹት፣ ከዚህ ቤት ውጣ አሉት። አልወጣም። ኩልሱም ድምፃቸውን ሰምታ መጥታ ኖሮ ከበሩ ላይ ቢስሚላሂ ብላ ወደ ኋላ አለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁ። ልጅ ሆነን ጓሮ ውስጥ ጅብ አለ ብለህ ስታስፈራራኝ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

እማዬ ብቻ አልፈራችም። ተነሳችና አንዱን ብርቱካን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ሹክሹክታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ ጭጋጉ በሚያስገባው ትንሽ ብርሃን አገላበጠችውና ከቅርንጫፉ በተቆረጠበት ቦታ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። እዚያው ላይ ቆየች። ሁለተኛውን አነሳች፣ እዚያው ቦታ ላይ ነካችው። ሦስተኛውንም። ፊቷ ላይ ያየሁትን እንዴት ብዬ እጽፍልሃለሁ? እንግዳ መጣ ብሎ በር የከፈተና ደጁ ባዶ የሆነበት ሰው ፊት ነበር። ቢላዋ አምጪ አለችኝ።

ስትቆርጠው ልጣጩ ልክ እንደ ጤነኛ ብርቱካን ተሰነጠቀ። ውስጡ ቡናማ ውሃ ሆኖ ይፈላል፣ ሽታው እንደ ጠጅ ቤት ክፍሉን ሞላው። የሚያንሾካሹከው ያ አየር ነበር፤ ውስጥ ለውስጥ ታምቆ በተገኘው ቀዳዳ እየሾለከ። ጋሽ ተክሌ ግንባራቸውን ጠረጉና ሳቁ። ለካስ የገሠጽኩት የሰከረ ብርቱካን ነው አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም እስኪያስለቅሰኝ ሳቅሁ። እማዬ ግን ቢላዋውን አስቀምጣ፣ «ይህ የልጄ እጅ አይደለም» አለች።

ወልደሰንበት፣ እዚህ ላይ የማላውቀውን ልጅ ሳይሆን አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እንደማስረዳ አድርጌ ልንገርህ። እማዬ የተቆረጠበትን ቦታ እምብርት ትለዋለች። ፍሬ ከዛፉ ከወረደ በኋላም የሚተነፍሰው በእምብርቱ ነው ትላለች፤ ሌላውን ገላውን አልብሰው፣ እሱን ግን ክፍት ተውለት። ከሸፈንክበት ደግሞም ልብሱን ካወፈርክበት፣ ከውጭ አምሮበት ከውስጥ ይታፈናል፣ ይሰክራል። ኤጀታ ትንሽ ልጅ ሳለ አንድ ሳፋ ሙሉ ኮክ እንዳለ ዘፍቆ አልብሶ ነበር። ኮኩ ሰከረ፣ ስንጥለው ዶሮዎቹ በሉት፣ ዶሮዎቹም ሰከሩ። አውራ ዶሮው በቁም እንቅልፍ ወስዶት ሲወድቅ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሳቀ። እማዬ የኤጀታን ጣቶች በጭልፋ መታቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍሬ ሲይዝ አውራ ጣቱ ራሱ ሄዶ እምብርቱ ላይ ያርፋል። ዳቦም ቢይዝ፣ የጨርቅ ኳስም ቢይዝ፣ አውራ ጣቱ ቦታውን ይፈልጋል። ይህን ነገር በቤታችን ማንም ለማንም አይነግርም፤ የሚነገር ነገር መሆኑንም አናውቅም። እጃችን ነው የሚያውቀው።

እኔ ተከራከርኳት፣ ኤጀታ። እጁ ቆስሏል እኮ፣ በግራው ነው የሠራው አልኳት። የቆሰለው ቀኙ ነው፣ ግራው አውራ ጣት የለውም ወይ አለችኝ። ጋሽ ተክሌም ቀረብ ብለው፣ እህት ዲንቄ፣ እግዚአብሔር በብርቱካን አይናገርም፣ ይህ ጥንቆላ ይሆናል አሏት። «እኔ እግዚአብሔርን አልጠየቅሁም» አለች፤ «ብርቱካኑን ነው ያየሁት።» ወንድሞች አንድ በአንድ ጫማቸውን አድርገው ጭጋጉ ውስጥ ገቡ።

እማዬ አላለቀሰችም። መርዶ አልሰማችማ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ደብዳቤዎቹን ሁሉ ፊቷ ዘርግታ አገኘኋት፤ ማንበብ እንደማትችል ታውቃለህ፣ በእጇ ትዳብሳቸው ነበር። አንድ በአንድ እንደገና አንብቢልኝ አለችኝ። የጣውላውን፣ የአባባን፣ የውሻውን። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፤ ቤት ያለው ሰው ስለ ቤቱ እንዲህ አይጠይቅም፣ ቤት የሌለው ሰው ነው የሰውን ቤት እንዲህ አጥንቶ የሚይዘው። ልጄ ለዚህ ልጅ ቤታችንን አውርሶታል አለች። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ጓሮ ወጥቼ፣ እሷ እንዳትሰማኝ።

ስለዚህ ወልደሰንበት፣ አሁን የምጽፈው ላንተ ብቻ ነው። ምን እንደተደረገ አላውቅም። ምናልባት ሁላችንም ተሳስተን ይሆናል፤ ኤጀታ አጠገብህ ተቀምጦ በናትና በእህቱ ሞኝነት እየሳቀ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ጭንቅላቱን በኔ ስም ኮርኩምልኝ። ካልሆነ ግን፣ አንተ ምን እንዳደረግክ የገባኝ ይመስለኛል። ጓደኛህ ቀረ። እናቱ ወለጋ ተወልዳ የካ የምትኖር፣ ስትጨነቅ ሎሚ የምታለብስ ሴት እንደሆነች ነግሮሃል። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አንተም እንደማንኛውም ያገር ልጅ ታውቃለህ። መምጣት አትችል፤ ዝም ማለት አቃተህ። ስለዚህ በስሙ ጻፍክ። ጻፍክና ደግሞ መልሱ ደስ አለህ፤ እማዬ «ልጄ ሆይ» እያለች ስታስጽፍ ላንተ የተባለ መሰለህ። ብርቱካኑንም ያን ቃል ሰምተህ ነው የላክኸው። አሳምረህ አለበስከው፣ አንድም ቦታ ሳትተው። ኤጀታ ያልነገረህ እምብርቱን ብቻ ነው።

አልተቀየምንህም። እኔ ለሁለት ቀን ተቀይሜህ ነበር፣ አልዋሽህም፤ ወረቀቶቹን እሳት ውስጥ ልከታቸው አንስቻቸው ነበር። እማዬ ከእጄ ቀማችኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ከኮኩ ዛፍ የመጨረሻዎቹን ለቀመች፣ ጸጉራቸውን በጨርቅ ጠረገች፣ ተልባዋን ጣደች። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ አጠገቧ ቆምኩ። አውራ ጣታችንን እምብርቱ ላይ እያደረግን አንድ በአንድ ነከርን፣ አንድ ስስ ልብስ ብቻ፣ ከዚያ በላይ አይጨመርም። ዛሬ በዚያው በጥይት ሣጥን፣ በዚያው ጭድ ውስጥ ተቀምጠው ሀሚድን ይጠብቃሉ። ከላይ ካልሲ አለ፣ እንደ ወትሮው እጥፍ ነው። ለማን ልበል ብዬ ስጠይቃት፣ «ሁለቱም ካሉ ይካፈሉት፤ አንዱ ከሌለ የቀረው ይብላው» አለችኝ።

ኤጀታ ወንድሜ፣ ካለህ፣ እባክህ በዚያችው በግራ እጅህ ጻፍልኝ። ፊደሉ ቢንጋደድ ግድ የለም፣ የሚያነበው ቢጠፋ ግድ የለም። «ደህና ነኝ፣ ካልሲው ደረሰ» በቃኝ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል ብትጨምር አላምንህም። ናፍቀኸኛል። ስትወጣ በሩን በእግርህ መዝጋትህ፣ እንጀራውን ሳትቆርስ መጠቅለልህ፣ ያ ሁሉ የምቆጣህ ነገር ናፍቆኛል።

ወልደሰንበት፣ እሱ ከሌለ ግን መርዶውን አትጻፈው። የሚቀጥለውን ደብዳቤ በራስህ ስም ጀምረው፤ «ወልደሰንበት ነኝ» በልና ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኮኩ፣ ደስ ስላለህ ነገር ጻፍ። ስለሱ ምንም አትበል። እኛ ከስሙ እናውቃለን። ያን ቀን ማለዳ ጋሽ ተክሌንና ኩልሱምን እጠራለሁ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እማዬም ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይህን የሚፈቅድላት አጥታ ነው የተቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ደግሞ መጻፍህን እንዳትተው። ጦርነቱ ሲለቅህ ና። የጓሮ በሩ ጣውላ ይንጫጫል፣ የውሻው ድንጋይ አለ፣ የምታውቀው ቤት ነው።

ኩልሱም ሰላም ትልሃለች፤ ብርቱካኑን አይታ ዝም ያለችው ገና ያን ቀን ክፉ ነገር ስለሸተታት እንደሆነ አሁን ተናግራለች፣ ለምን ቀድማ እንዳልተናገረች ግን አትጠይቃት። ሀሚድ ሰላም ይላል፤ መንገዱን ጸልዩለት። ጋሽ ተክሌ ሰላም ብለዋል፣ ስማችሁን ሁለታችሁንም በጸሎት ይጠራሉ። ከብርቱካኖቹ እማዬ አንዱን አልቆረጠችውም። እስካሁን ብፌው ላይ ነው፣ አሁንም ያበራል። መልሱ እስኪመጣ አትንኩት ብላናለች፤ ይህን ስጽፍም ከኋላዬ ቀስ እያለ ያንሾካሹካል፣ ለምጄዋለሁ።

እማዬ ሰላምታዋን ለማን ብዬ እንደምጽፍ ስጠይቃት፣ ለልጄ በይ አለችኝ። የትኛው ብዬ አልጠየቅኋትም። ሌላ የምትጨምሪው አለ ወይ ብላት፣ እንዝርቷን አስቀመጠችና አውራ ጣቷን አየችው። «መጀመሪያ አውራ ጣቱን እምብርቱ ላይ ያሳርፍ በይው፤ ከዚያ በኋላ እጁ ራሱ ያውቃል።»

እህትህ ሣራ በዳዳ
የካ፣ አዲስ አበባ
ጳጉሜን 2 ቀን 1980 ዓ.ም.